የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሚኒስትሮቹን እንዴት ይመርጣል? የግብርና ሚኒስትሩ ወንበር እንደ ማሳያ

በአሜሪካ ከፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ቀን አንሥቶ አሸናፊው ቃለ መሐላ እስከሚፈጽምበት ዕለት ድረስ ያለው ጊዜ አሥራ አንድ ሳምንት ያህል ነው። ምርጫው የሚካሄደው ከኖቬምበር የመጀመሪያ ሰኞ ቀጥሎ በሚውለው ማክሰኞ፣ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት ወር መጨረሻ ገደማ ነው። ቃለ መሐላው ደግሞ ጃንዋሪ 20 ቀን፣ በጥምቀት ማግሥት ይፈጸማል። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ተመራጩ ፕሬዚዳንት አብረዋቸው የሚሠሩትን የካቢኔ አባላት መርጠው ለሕዝብ ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል።

የዓለም መገናኛ ብዙኃን በዚህ ወቅት ዓይናቸውን የሚተክሉት በውጭ ጉዳይ፣ በመከላከያና በገንዘብ ሚኒስትሮች ሹመት ላይ ነው። የግብርና ሚኒስትሩ ስም ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይሰማል፤ ሲሰማም ብዙ አያነጋግርም። ይሁን እንጂ የካቢኔ ምርጫ በምን መንገድ እንደሚከናወን፣ በምርጫው ማን ምን እንደሚያተርፍና ሹመት ሲዘገይ ማን እንደሚጎዳ ለመረዳት ይህ ወንበር ጥሩ ማሳያ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስለ አሜሪካ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል?

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 ክፍል 2 ፕሬዚዳንቱ ከፍተኛ ሹማምንትን እንዲያጩና በሴኔቱ ምክርና ስምምነት እንዲሾሙ ይደነግጋል። የመጨረሻው ቃል የፕሬዚዳንቱ ብቻ እንዳይሆን ሥልጣኑ ለሁለት ተከፍሏል ማለት ነው። ማጨት የፕሬዚዳንቱ፣ ማጽደቅ ወይም መከልከል የሴኔቱ ድርሻ ነው።

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 ሥራ ሲጀምሩ ከካቢኔያቸው ጋር የሚቆጠሩት ሹማምንት አራት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም የውጭ ጉዳይ፣ የገንዘብና የጦር ሚኒስትሮች እንዲሁም ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ናቸው። በዚያን ጊዜ ለገንዘብ ሚኒስትርነት የታጩት አሌክሳንደር ሃሚልተን ስማቸው ለሴኔት በቀረበበት ዕለት ሹመታቸው ጸድቆላቸዋል። ዛሬ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ ቁጥር 15 ደርሷል፤ ሂደቱም የሳምንታት፣ አንዳንዴም የወራት ሥራ ሆኗል።

የግብርና መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመው በ1862 በፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ዘመን፣ ሀገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ በነበረችበት ወቅት ነው። በካቢኔ ደረጃ መቀመጫ ያገኘው ግን ከ27 ዓመታት በኋላ፣ በ1889 ነበር። የመጀመሪያው ሚኒስትር ኖርማን ኮልማን ይባላሉ።

አሜሪካን ከብዙ ሀገሮች የሚለያት አንድ ድንጋጌም አለ። የሕግ አውጪው ምክር ቤት አባል የሆነ ሰው መቀመጫውን ሳይለቅ ሚኒስትር መሆን አይችልም። ስለዚህ አንድ ፕሬዚዳንት የፓርቲያቸውን እንደራሴ ለካቢኔ ሲያጩ በምክር ቤቱ አንድ ድምፅ ሊያጡ እንደሚችሉ አስቀድመው ማስላት አለባቸው።

ስሞቹ ከየት ይመጣሉ?

የዕጩዎች ፍለጋ የሚጀመረው ከድሉ በኋላ አይደለም። በ1963 የወጣው የፕሬዚዳንታዊ ሽግግር ሕግና በየጊዜው የተደረጉለት ማሻሻያዎች ዋና ዋናዎቹ ተወዳዳሪዎች ከምርጫው ቀን በፊት የሽግግር ቡድን አቋቁመው እንዲዘጋጁ ያግዛሉ። መንግሥት ቢሮ፣ የመገናኛ አገልግሎትና የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ያቀርባል። ሥራው ሰፊ ነው፤ አዲስ ፕሬዚዳንት የሚሞሏቸው የፖለቲካ ሹመት ቦታዎች ወደ 4 ሺህ ይጠጋሉ። ከእነዚህ ውስጥ ከ1 ሺህ 200 በላይ የሚሆኑት የሴኔትን ይሁንታ ይሻሉ።

የካቢኔ ወንበሮችን ለመሙላት የሚታዩት መመዘኛዎች ብዙ ናቸው። ዕጩው ለፕሬዚዳንቱ ያለው ታማኝነት፣ የሥራ ልምዱ፣ የመጣበት ግዛት፣ ዘሩና ፆታው፣ በምርጫ ዘመቻው የነበረው ድርሻ እንዲሁም በሴኔት የማለፍ ዕድሉ አብረው ይመዘናሉ። በግብርናው ዘርፍ ከግብርና ግዛቶች የሚመጡ ሰዎች በተደጋጋሚ ይመረጣሉ። በባራክ ኦባማና በጆ ባይደን ዘመን ሚኒስትር የነበሩት ቶም ቪልሳክ በበቆሎና በአሳማ ርባታ የታወቀችው አዮዋ ግዛት ገዢ ነበሩ። በዶናልድ ትራምፕ የመጀመሪያ ዘመን የተሾሙት ሶኒ ፐርዱ የጆርጂያ ገዢ የነበሩ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። በትራምፕ ሁለተኛ ዘመን የተሾሙት ብሩክ ሮሊንስ ደግሞ የቴክሳስ ተወላጅ ሲሆኑ በግብርና ልማት የመጀመሪያ ዲግሪ አላቸው።

ሆኖም መሥሪያ ቤቱ የገበሬዎች ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በ2022 በተካሄደው የግብርና ቆጠራ የተመዘገቡት እርሻዎች 1.9 ሚሊዮን ያህል ናቸው። በአንጻሩ ስናፕ በሚባለው የምግብ ድጎማ የሚጠቀሙት ሰዎች በየወሩ 40 ሚሊዮን ገደማ ሆነው ቆይተዋል። ይህ ድጎማ፣ የትምህርት ቤት ምገባና መሰል የሥነ ምግብ መርሐ ግብሮች ከመሥሪያ ቤቱ ወጪ ከግማሽ በላይ ይወስዳሉ። የሰብል ዋስትና፣ የገበሬዎች ብድር፣ የሥጋ ምርመራና የብሔራዊ ደኖች ጥበቃም በዚሁ ሚኒስትር ሥር ናቸው።

ይህ ድርብ ኃላፊነት በ2020 መጨረሻ የሥልጣን ሽግግር ወቅት ትልቅ ክርክር አስነሥቷል። የኦሃዮ እንደራሴ የነበሩት ጥቁር አሜሪካዊት ማርሻ ፈጅ ወንበሩን እንደሚፈልጉ በይፋ ተናገሩ። በተወካዮች ምክር ቤት የዴሞክራቶቹ አንጋፋ መሪ ጂም ክላይበርንም ደገፏቸው። የእነርሱ መከራከሪያ መሥሪያ ቤቱ ለተራቡ ቤተሰቦችና ለተገፉ ጥቁር ገበሬዎች የበለጠ ትኩረት ይስጥ የሚል ነበር። በሌላ በኩል የሰሜን ዳኮታ ሴናተር የነበሩት ሃይዲ ሃይትካምፕ ስማቸው ተነሣ፤ ደጋፊዎቻቸው ዴሞክራቶች በገጠር ያጡትን ድምፅ ለመመለስ የገጠሩን ሕዝብ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል ይሉ ነበር።

ተመራጩ ፕሬዚዳንት ባይደን ከሁለቱ አንዷንም ለግብርናው አልመረጡም። ወንበሩን ስምንት ዓመት ለያዙት ለቪልሳክ መልሰው ሰጡ፤ ፈጅን ደግሞ የቤቶችና የከተማ ልማት ሚኒስትር አድርገው አጩ። ልምድ ያለው ሰው መመለሱን የደገፉ የገበሬ ማኅበራት ነበሩ። የጥቁር ገበሬዎች ተሟጋቾች ግን ቅሬታቸውን አሰሙ። ቅሬታው ሥር ያለው ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በብድር አሰጣጥ አድልዎ ፈጽሞብናል ብለው የከሰሱ ጥቁር ገበሬዎች በ1999 ካሳ የሚያስገኝ የፍርድ ቤት ስምምነት ማግኘታቸው ይታወቃል። በአንድ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ማንነት የመሥሪያ ቤቱ ቀዳሚ ተገልጋይ ማን እንደሆነ የሚናገር መልእክት ተደርጎ የሚወሰደው ለዚህ ነው።

ከማጨት በፊት ያለው ማጣራት

ስሙ ለካቢኔ የታሰበ ሰው በመጀመሪያ በሽግግር ቡድኑ ጠበቆች ይመረመራል። የግብር አከፋፈሉ፣ የንግድ ግንኙነቱ፣ የቀድሞ ንግግሮቹና ጽሑፎቹ፣ የተከሰሰባቸው ጉዳዮች ካሉም እነርሱ ይታያሉ። ቀጥሎ የፌዴራል ምርመራ ቢሮው (ኤፍ ቢ አይ) የሕይወት ታሪኩን ያጣራል። በሦስተኛ ደረጃ የመንግሥት ሥነ ምግባር ጽሕፈት ቤቱ የሀብት ማሳወቂያ ቅጹን ይመረምራል። በተለይ ለግብርና ሚኒስትር ይህ ደረጃ ቀላል አይደለም። ሚኒስትሩ የእርሻ መሬት፣ የእህል ንግድ ድርሻ ወይም የድጎማ ተጠቃሚ ድርጅት ካለው፣ በሚያወጣው መመሪያ ራሱን እንዳይጠቅም ንብረቱን መሸጥ ወይም ከአስተዳደሩ መውጣት ሊኖርበት ይችላል። ይህንን በጽሑፍ ቃል ገብቶ ይፈርማል።

ማጣራቱ ደካማ ሲሆን የሚያስከትለው መዘዝ በተደጋጋሚ ታይቷል። በ1993 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ያጯቸው ዞይ ቤርድ፣ ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው የቤት ሠራተኞች መቅጠራቸውና የማኅበራዊ ዋስትና ግብር አለመክፈላቸው በመታወቁ ከዕጩነት ወጥተዋል። በ2009 ለጤና ሚኒስትርነት የታጩት ቶም ዳሽል ሳይከፍሉ የቆዩት ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ግብር መነጋገሪያ በመሆኑ ራሳቸውን አግልለዋል። በኖቬምበር 2024 ደግሞ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት የታጩት ማት ጌትዝ፣ እርሳቸው በሚያስተባብሉት የሥነ ምግባር ክስ ምክንያት ድጋፍ በማጣታቸው በስምንት ቀን ውስጥ ዕጩነታቸውን ትተዋል።

የሽግግሩ ጊዜ ራሱ የሚያጥርበት አጋጣሚም አለ። በ2020 የመንግሥት አገልግሎቶች አስተዳደር ኃላፊዋ ለባይደን ቡድን የሽግግር ድጋፉን የፈቀዱት ከምርጫው ሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ኖቬምበር 23 ቀን ነበር። ይህ እንዳይደገም በ2022 ሕጉ ተሻሽሎ፣ ከምርጫው በኋላ ባሉት አምስት ቀናት ሽንፈቱን የተቀበለ ከሌለ ሁለቱም ወገኖች ድጋፉን እንዲያገኙ ተደርጓል። በ2000 የፍሎሪዳ የድምፅ ቆጠራ ክርክር እስከ ዲሴምበር አጋማሽ በመዝለቁ የጆርጅ ቡሽ የሽግግር ጊዜ ተቆርጦ ነበር። የመስከረም 2001ዱን የሽብር ጥቃት የመረመረው ኮሚሽን የቁልፍ ሹማምንት መሾም በዚህ ምክንያት መዘግየቱን በሪፖርቱ አንሥቷል።

የሴኔቱ በር

ዕጩነቱ ለሴኔት ሲቀርብ በመጀመሪያ ወደሚመለከተው ኮሚቴ ይመራል። የግብርና ሚኒስትሩን ዕጩ የሚመረምረው የግብርና፣ የሥነ ምግብና የደን ጉዳዮች ኮሚቴ ነው። ዕጩው በኮሚቴው ፊት በይፋ ቀርቦ ለሰዓታት ይጠየቃል። ሴናተሮቹ የሚያነሡት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ከየግዛታቸው ማሳ የሚነሣ ነው። የካንሳሱ ስለ ስንዴ፣ የዊስኮንሲኑ ስለ ወተት፣ የጆርጂያው ስለ ጥጥና ለውዝ ቃል ያስገባሉ። በዚህ መድረክ የሚገባው ቃል በኋላ መጠየቂያ ይሆናል።

ኮሚቴው ካሳለፈው በኋላ መቶ አባላት ያሉት ሴኔት ድምፅ ይሰጣል። ከ2013 የአሠራር ለውጥ ወዲህ የካቢኔ ዕጩን ለድምፅ ለማብቃትም ሆነ ለማጽደቅ ተራ አብላጫ ድምፅ ይበቃል። ድምፁ እኩል ከተከፈለ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ይለያሉ። ይህ በካቢኔ ሹመት ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነው በ2017 በትምህርት ሚኒስትሯ ቤትሲ ዴቮስ ሹመት ሲሆን፣ በጃንዋሪ 2025 በመከላከያ ሚኒስትሩ ፒት ሄግሴት ተደግሟል።

ሴኔቱ የካቢኔ ዕጩን በድምፅ የጣለበት ጊዜ በጣም ጥቂት ነው። የመጨረሻው በ1989 የተከሰተው ሲሆን ለመከላከያ ሚኒስትርነት የታጩት ጆን ታወር በ53 ተቃውሞና በ47 ድጋፍ ወድቀዋል። ይህ ግን ሴኔቱ ማኅተም ብቻ የሚያሳርፍ ነው ማለት አይደለም። ድምፅ እንደማያገኙ የተረዱ ዕጩዎች ቀድመው ስለሚወጡ ውድቀቱ በመዝገብ ላይ አይታይም።

የግብርና ሚኒስትሮች በአንጻራዊነት የሁለቱንም ፓርቲዎች ድጋፍ ሲያገኙ ቆይተዋል። ፐርዱ በ2017 በ87 ለ11፣ ቪልሳክ በ2021 በ92 ለ7 አልፈዋል። ሮሊንስ በፌብሩዋሪ 2025 ያለፉት በ72 ለ28 ነው። የተቃውሞው ቁጥር ማደጉ ግብርናውም ከፓርቲ ፉክክር እንዳልራቀ ያመለክታል።

ወንበሩ ባዶ ሲቆይ

ቪልሳክ በ2009 በኦባማ ቃለ መሐላ ዕለት ሹመታቸው ጸድቆ ወዲያውኑ ሥራ ጀምረው ነበር። በ2017 የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ቪልሳክ መሥሪያ ቤቱን የለቀቁት ጃንዋሪ 13 ቀን ነበር። ትራምፕ ፐርዱን ያሳወቁት ቃለ መሐላ ሊፈጽሙ አንድ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ ሁሉ በመጨረሻ ነው። የሥነ ምግባርና የሀብት ሰነዶቹ ተሟልተው ለሴኔት እስኪደርሱ ሳምንታት አለፉ። ኮሚቴው ዕጩውን የጠየቀው ማርች 23 ቀን ሲሆን፣ ቃለ መሐላ የፈጸሙት ኤፕሪል 25 ቀን ነው። መሥሪያ ቤቱ ከመቶ ቀናት በላይ ሴኔት ያጸደቀው ሚኒስትር አልነበረውም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሥራው ፈጽሞ አይቆምም። የክፍት ቦታዎች ሕግ የሚባለው የ1998 ድንጋጌ ተጠባባቂ ኃላፊዎች በመደበኛው ጊዜ እስከ 210 ቀናት፣ በአዲስ ፕሬዚዳንት መግቢያ ወቅት ደግሞ እስከ 300 ቀናት እንዲሠሩ ይፈቅዳል። የሰብል ዋስትናው ይከፈላል፣ ሥጋው ይመረመራል፣ የምግብ ድጎማው ይሰጣል። የሚጎድለው ሌላ ነገር ነው። ተጠባባቂ ኃላፊ የዕለት ሥራውን ያስኬዳል እንጂ በካቢኔ ጠረጴዛ ላይ ከገንዘብና ከንግድ ሚኒስትሮች ጋር እኩል ተከራክሮ የገበሬውን ጥቅም ለማስጠበቅ የሚያስችል ክብደት የለውም።

ይህ ልዩነት ፐርዱ ሥራ በጀመሩበት ሳምንት በግልጽ ታየ። በዚያው ሳምንት ፕሬዚዳንቱ አሜሪካን ከሰሜን አሜሪካ የነፃ ንግድ ስምምነት (ናፍታ) ለማስወጣት ተዘጋጅተው ነበር። ከስምምነቱ አባላት አንዷ ሜክሲኮ የአሜሪካን በቆሎ በብዛት ከሚገዙ ሀገሮች መካከል ናት። አዲሱ ሚኒስትር በቀናት ዕድሜ ሹመታቸው ወደ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ካርታ ይዘው ገቡ። ካርታው ስምምነቱ ቢፈርስ ክፉኛ የሚጎዱትን አካባቢዎች የሚያሳይ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ለትራምፕ ድምፅ የሰጡ ነበሩ። የካናዳና የሜክሲኮ መሪዎችም ደውለው አነጋገሯቸው። ፕሬዚዳንቱ ከመውጣት ይልቅ መደራደርን መረጡ፤ ካርታውን ማየታቸውንም ራሳቸው ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ውሳኔው በካርታው ብቻ ተለወጠ ማለት አይቻልም። ይሁንና ካርታውን ይዞ የሚገባ ሚኒስትር ከሳምንት በፊት አልነበረም።

ከሚኒስትሩ በታች ያሉ ወንበሮችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። የምክትል ሚኒስትሩ ሹመት በዚያ ዓመት የጸደቀው በኦክቶበር ነው። የምርምር ዘርፉን እንዲመሩ የታጩት ሳም ክሎቪስ ደግሞ የሕዝብ አስተዳደር እንጂ የሳይንስ ምሁር አለመሆናቸው ጥያቄ አስነሣ፤ ሕጉ ቦታው በታወቁ ሳይንቲስቶች እንዲያዝ ይጠይቃልና። ስማቸው በጊዜው ከነበረው የሩሲያ ጉዳይ ምርመራ ጋርም በመነሣቱ በኖቬምበር ከዕጩነት ወጡ። የዘር ምርምርና የተባይ ቁጥጥር የመሳሰሉ የዓመታት ሥራዎች የሚመሩት በእነዚህ ብዙም በማይወራላቸው ወንበሮች ነው።

ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት አሠራር ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ በተቋቋመበት በ1862 የወጣው ሌላ ሕግ በየግዛቱ የግብርና ኮሌጆች እንዲከፈቱ መሬት ሰጥቶ ነበር። በዚያ ሥርዐት ከተመሠረቱት አንዱ የሆነው የኦክላሆማ የግብርና ኮሌጅ በ1950ዎቹ የዛሬውን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በማቋቋም ተሳትፏል። ማስተማርን፣ ምርምርንና የኤክስቴንሽን ሥራን በአንድ ላይ የማስኬድ ልምድ ወደ ሀገራችን ከገባባቸው መንገዶች አንዱም ይኸው ነው። በተጨማሪም መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አበባ ባለው ቢሮው በኩል ስለ ኢትዮጵያ ቡናና ስለ እህል ምርት የሚያወጣቸውን ዓመታዊ ግምቶች የዓለም ነጋዴዎች ይከታተሏቸዋል። ለምግብ ዕርዳታ የሚላከውን የአሜሪካ እህል የሚገዛውም ይኸው መሥሪያ ቤት ሆኖ ቆይቷል።

የሹመት ሥርዐቱ ግን ከእኛ የተለየ ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 77 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚኒስትሮችን ዕጩዎች ከሁለቱ ምክር ቤቶች ወይም ለሥራው ብቃት ካላቸው ሌሎች ሰዎች መካከል መርጠው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከዚያው ምክር ቤት የሚመረጡ በመሆናቸው በምርጫና በሹመት መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም መንግሥት ሲመሠረት የ22 ሚኒስትሮች ሹመት የጸደቀው ከሁለት ቀን በኋላ፣ መስከረም 26 ቀን ነበር። ከተሿሚዎቹ መካከልም የተፎካካሪ ፓርቲ አባላት ይገኙበታል።

እያንዳንዱ ሥርዐት የሚያተርፈውና የሚያጣው ነገር አለው። የእኛ መንገድ ፈጣን ነው፤ ወንበሮች ለወራት ባዶ አይቆዩም። ነገር ግን ምክር ቤቱ እያንዳንዱን ዕጩ ለብቻው አስቀምጦ ስለ ዘርፉ ዕቅድ ለሰዓታት የሚጠይቅበት፣ ሕዝቡም የሚያዳምጥበት ጊዜ አይኖርም። የአሜሪካው መንገድ ዝግ ያለ ነው፤ የሰነድ ክምርና የፓርቲ ፉክክር ያዘገየዋል። በለውጡ ግን ተሿሚው ሥራ ሳይጀምር ሀብቱ ይታወቃል፣ ለጥጥ አምራቹም ለወተት አምራቹም ምን ቃል እንደገባ በመዝገብ ይቀመጣል።

አዲስ ካቢኔ ሲሰየም በየትኛውም ሀገር የሚኖር አርሶ አደር ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። ተሿሚው ዘርፉን ያውቀዋል ወይስ ወንበሩ የፖለቲካ ውለታ መክፈያ ነው? በሚወስነው ውሳኔ የሚነካ የግል ጥቅም አለው? ከእርሱ በታች ያሉት የምርምር፣ የብድርና የኤክስቴንሽን ኃላፊዎች መቼ ይሟላሉ? የንግድና የበጀት ውሳኔ በሚወሰንበት ክፍል ውስጥስ የገበሬውን ጉዳይ የሚያነሣ ሰው አለ? በ2017 በአሜሪካ የሆነው እንደሚያሳየው የመጨረሻው ጥያቄ መልስ በጥቂት ቀናት ልዩነት ሊለወጥ ይችላል።